የሙራድ ጉንጭ

“ጨብጪ፣ አክስቴ” ትለኛለች ሰልሳቢል፣ ክንዴን በጎማ አስራ። ለጁምዓ የሚመጣው ሰው መንገዱን ሳይዘጋባት መጨረስ ትፈልጋለች። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለችው የቅመም ሱቄ፣ ኮረሪማ በሞላው ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ። ሆስፒታል አልመጣም ብላት ዕቃዋን በቦርሳ ይዛ እሷው መጣች። መርፌውን ስታነሳ ግን ክንዴን እሰበስባለሁ።

“ምነው፣ ፈራሽ እንዴ?”

“ሰባት የወለድኩ ሴት መርፌ ልፈራ?”

ልጆቼ፣ የፈራሁትስ መርፌውን አይደለም። ሰልሳቢል የወንድሜ የሙራድ ልጅ ናት፤ አላህ ይዘንለት። ሙራድ ገና በጎልማሳነቱ እግሩ አልታዘዝ አለው። ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ሲናገር ምላሱ ይጎተታል፣ ብርጭቆ ሲያነሳ ይደፋበታል። እንዲህ እያለ፣ እያደር ባሰበትና ሄደ። ልጅቷ ተማረች፤ ላቦራቶሪ ገብታ በዘር የሚወርደውን ይህንኑ በሽታ ታጠናለች። አባቷ ሳይሞት ተቀድቶ በቆየው ደሙ ውስጥም አግኝታዋለች።

“አንዲት አጭር ቃል ናት” ብላኛለች አንድ ቀን። “በሁላችንም ዘረመል ውስጥ ተጽፋለች፤ አባቴ ጋ ግን ከመጠን በላይ ተደጋግማለች። በዚያ የሚሠራው ፕሮቲን ሴሉ ውስጥ ይጓጉልና ሴሉን ይጎዳዋል። የሚጎዳው ደግሞ ከማጅራታችን ከፍ ብሎ፣ ሚዛናችንን የሚጠብቅልን ቦታ ነው።”

እኔ እርጥበት እንደገባበት በርበሬ አድርጌ ነው የተረዳሁት።

ከሙራድ እህት ወንድሞች በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጤነኛም ነኝ። ለማነጻጸሪያ የቀረው የኔ ደም ነው። የኔ ሲገባ የቤተሰቡ ይሞላል፤ ያን ጊዜ የራሷን ታያለች። ደሟን ቀድታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ የሁላችንም ሳይሞላ አላይም ብላ ለራሷ ቃል ገብታ። አባቱ በሽታው ያለበት ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው አለችኝ። ክንዴን የሰበሰብኩት ለዚህ ነው። እኔ ካልሰጠሁ እሷም አታይም።

የፊት ለፊቱ ባለሱቅ፣ ሐጂ ሀምዳን፣ ብቅ ይላል።

“ሐጀራ፣ ደምሽንም መሸጥ ጀመርሽ? ከኔ ጋር ተነጋገሪ እንጂ።”

“አንተማ በግማሽ ዋጋ ስጪኝ ነው የምትለው።”

“ሐጂ” ትላለች ሰልሳቢል፣ “አባቴን መንገዳገድ የጀመረው መቼ እንደሆነ ያስታውሳሉ? አክስቴ ረሳሁት ትላለች።”

ሀምዳን ሳቁን ይተዋል። በርጩማ ስቦ ይቀመጣል።

“አንቺ ሳትወለጂ ነው። ቆቡን አሳምሮ፣ ሽቶውን ተቀብቶ፣ ጁምዓ ጁምዓ በዚህች መንገድ ሲመጣ አሁን ያለ ይመስለኛል። ያኔ ሱቆቹ ቆርቆሮ ነበሩ፤ ሰውም ሁሉ ይተዋወቅ ነበር። ታዲያ የዚህ ተራ ነጋዴ ሁሉ ‘ሙራድ መጠጣት ጀመረ’ አለ። የሙስሊም ልጅ፣ በጠራራ ፀሐይ። እኔም እስቲ ላጣራ ብዬ . . .”

“እንዴት አጣሩ?”

“ሰላም ስለው ጉንጩን እስመዋለሁ፤ በዚያው አሸተዋለሁ። ሽቶው ይሸፍንብኝና እደግመዋለሁ። አሁንም አልለይ ሲለኝ እንደገና። እኔ ብቻ አይደለሁም እኮ፣ ተራው በሙሉ ነው ሲያሸተው የኖረው።”

ሰልሳቢል መርፌውን እንደያዘች ትቀራለች። ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። ሙራድ ማታ ቤት ሲገባ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ “ይሄ ተራ እንዴት እንደሚወደኝ ብታዪ፣ ሐጀራ። ሀምዳንማ ስሞ አይጠግብም” ይለኝ ነበር። ፊቱ ይበራ ነበር ያን ሲል። እሷንም ይህንኑ እያወራላት ነው ያሳደጋት።

“ሐጂ፣ አባቴ እኮ የሚወዱት መስሎት ነበር” ትላለች በቀስታ።

“አውቃለሁ፣ ልጄ።” ሀምዳን መሬት መሬት ያያል። “በኋላማ ምንም ሽታ እንደሌለው ገባኝ። ልተው ስል ደግሞ ጉንጩን አስጠግቶ ይጠብቀኛል። ጉንጩን ላስጠጋ ሰው ምን ትዪዋለሽ? ሳምኩት። አልጋ ሲይዝም ቤቱ ድረስ እየሄድኩ ሳምኩት። ያን ጊዜ የማሸተው ነገር አልነበረኝም።”

ሰልሳቢል ትስቃለች፤ እንባዋ ግን ይወርዳል። በእጇ ጀርባ ጠርጋው ወደኔ ትዞራለች።

“ምን እንደያዘው ሳያውቅ ሞተ፣ አክስቴ። እሱ አያውቅ፣ እናንተ አታውቁ፤ ሁሉ ሰው በየአፍንጫው ሲገምት። እኔ በግምት መኖር ደከመኝ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ መጀመሪያ የማየው እግሬን ነው። ደረጃ ላይ ከተደናቀፍኩ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራም።”

“ቢኖርብሽስ?”

“መድኃኒቱን መፈለጌን አልተውም። ለማን እንደምፈልግ አውቃለሁ ማለት ነው።”

ውጭ አንድ ተሸካሚ “ዞር በሉ፣ ዞር በሉ” እያለ ያልፋል። ክንዴን እዘረጋላታለሁ።

ደሜ በቀጭኗ ብልቃጥ ሲሞላ አየዋለሁ። ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ እንደማንም ሰው ደም። በጥጥ ጠቅልላ በረዶ ያለበት ሣጥኗ ውስጥ ታስገባዋለች።

“ብቻሽን እንዳታዪው” እላታለሁ። “ጥሪኝ። የትም ቢሆን እመጣለሁ።”

“እኔም አለሁ” ይላል ሀምዳን። “ሐጀራ ከመርካቶ ከወጣች መንገድ ይጠፋባታል።”

ሰልሳቢል ሣጥኗን ደረቷ ላይ አቅፋ ትወጣለች። ሰጋጁ ምንጣፉን በብብቱ ይዞ ወደ መስጊዱ ይጎርፋል፤ እሷ በተቃራኒው፣ ወደ አውቶቡስ ተራ። በር ላይ ቆሜ እሸኛታለሁ። ዓይኔ ወደ እግሯ ልውረድ ይለኛል፤ አልፈቅድለትም። ሰማያዊ ሻርፗን ብቻ አያለሁ፤ ከሰው ራስ መሃል ብቅ ጥልቅ፣ ብቅ ጥልቅ እያለ እስኪሰወርብኝ።