አንድ ሚሊዮን አንድ

ጡረታ የወጡትን የሒሳብ መምህር ተማሪዎቻቸው «ዜሮ» ይሏቸው ነበር። ገሚሱ በሚሰጡት ውጤት ነው ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ ኮፍያቸውን ሲያወልቁ አይቶ ነው።

ልጃቸውን ለትዳር ለሚጠይቅ ሁሉ አንድ ፈተና አላቸው፤ አንድ ሚሊዮን አንድ። ከግራም ከቀኝም ቢያነቡት ያው ነው። በሁለት አይካፈል፣ በሦስት አይካፈል፣ በአምስት አይካፈል፤ እንደ ባለቤቱ ግትር ነው። ያለ ስልክ፣ ያለ ካልኩሌተር፣ ከአንድና ከራሱ ሌላ ያለ ቀሪ የሚካፈልበትን ቁጥር ያገኘ ልጅቱን ያገባል። ያላገኘ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። የባንክ ሠራተኛውም መሐንዲሱም በዚሁ ተሸኝተዋል።

ለእነሱ ልጅቱ ደንታም አልነበራት። አሁን የመጣው ግን ጸጉር አስተካካዩ ነው። እሱን ትወደዋለች።

«አባዬ፣ እሱን ከመለስከው ሌላ አላገባም። እዚሁ አብሬህ አረጃለሁ» አለች።

«ሕግ ሕግ ነው። እስከ እሁድ ጊዜ አለው።»

ችግሩ ልጅቱ መልሱን ታውቀዋለች፤ ገና ስትድህ ጀምሮ የሰማችው ቁጥር ነው። ስለዚህ መምህሩ ስልኳን ቀምተው ትራሳቸው ሥር ከተቱት። ሱቅ ስትላክ እንኳ ከኋላዋ ይከተሏታል። ሚስታቸው «ኧረ እፈር፣ ትልቅ ሰው!» ቢሏቸው ወይ ፍንክች።

ዓርብ ልጅቱ በሯን ዘግታ ስታለቅስ ተሰማ። መምህሩ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆም አሉና ወደ ቴሌቪዥናቸው ተመለሱ። አንጀት የላቸውም እኮ!

ቅዳሜ ጭራሽ ባሰባቸው። «ጸጉሬን ልስተካከል» ብለው እስከ ልጁ ጸጉር ቤት ድረስ ሄዱ፤ ጭንቀቱን በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እየሳቁ መጡ።

«መስተዋቱን በሳሙና ቁጥር ሞልቶታል። ምስኪን! ገና በሰባት እየሞከረ ነው» አሉ። ልጅቱ ምሳዋን ሳትበላ ተነሳች።

እሁድ ልጁ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ላብ በላብ ሆኗል።

«እሺ፣ በስንት ይካፈላል?» አሉ መምህሩ።

«በመቶ አንድ፣ ጋሼ። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ይደርሳል፤ ቀሪ የለውም።»

መምህሩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እንዴት አገኘኸው?»

«ሚሊዮን ማለት መቶ በመቶ፣ እንደገና በመቶ ነው። ከዚያ ተነሳሁ። ቁጥር በጎን ነው የሚገባው፣ ጋሼ።»

ይቺን አባባል ልጅቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ግራ ገብቷት ቀና አለች። መምህሩ ግን ጣታቸውን ቀሰሩባት።

«አንቺ ነሽ የነገርሽው!»

«እናቴ ትሙት፣ አልነገርኩትም!»

«እኔን ለምን ትገድይኛለሽ?» አሉ እናቷ።

መምህሩ ቅር እንዳለው ሰው ተነፈሱ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሕግ ሕግ ነው። ውሰዳት።»

ልጅቱ በደስታ ጮኻ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ኮፍያቸው ወለል ላይ ወደቀ። እናትየው ጎንበስ ብለው አነሱት፤ አንዲት ጸጉር የሌለበትን የባላቸውን ራስ አተኩረው አዩት።

«ለመሆኑ አንተ ሰውዬ፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ምንህን ስትስተካከል ነበር?»