ግማሽ ሰዓት መብራት

ተራራው ላይ የተተከለው ትልቅ ቴሌስኮፕ የሩቅ ጋላክሲዎችን ብርሃን እየለቀመ የሰማይን ካርታ መሥራት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በቀበሌያችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ክብሪት መጫር እንኳ ክልክል ነው። መጋረጃም አያድንም፤ በግድግዳ ስንጥቅ የሚያፈተልከው ብርሃን ካርታውን ያበላሻል ይላሉ።

እኔ ድንጋይ ካባ ነው የምሠራው። እሑድን ጨምሮ ሳይነጋ ወጥቼ ከጨለመ በኋላ እገባለሁ። ዛሬ ምሳዬን ስፈታ፣ የአምስት ዓመቷ ልጄ ማዕዶት እኔን የሳለችበትን ወረቀት አገኘሁ። ሁለት ትልልቅ እጆችና አንድ ነጠላ አሉት። ፊቱ ባዶ ነው።

ቤት እንደገባሁ ወረቀቱን ለማዕዶት መልሼ ኩራዙን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ለኮስኩት።

ብዙም ሳይቆይ የጨለማ ጠባቂው ጋሽ ቢያድግልኝ በሩን ገፍተው ገቡ።

«ትርንጎ፣ አብደሻል? ያ የጋላክሲዎቹ ብርሃን ስምንት ቢሊዮን ዓመት ተጉዞ ነው የመጣው።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ከተጓዘ፣ ግማሽ ሰዓት ደጅ ቢቆም ምን ይሆናል?»

«አጥፊው። አለዚያ ስምሽን ለቀበሌ አስተላልፋለሁ።»

«ያስተላልፉ። ካርታው ላይ የጎደለውንም ቦታ፣ የትርንጎ ልጅ እናቷን ያየችበት ነው ብለው ይሙሉት።»

ጀርባዬን ሰጥቻቸው ኩራዙን ወደ ፊቴ አስጠጋሁ። ማዕዶት ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ ነካችው። ጣቷ ድሮም ያውቀዋል። ዓይኗ ግን ገና ማየቱ ነው። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እርሳሷን አነሳች።

«አጥፊው እኮ አልኩሽ» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ ከኋላዬ።

«እማዬ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» አለች ማዕዶት።

አልተንቀሳቀስኩም።