ምች የወጣባት አያት

እናት አራስ ልጇን ልትጠይቅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከንፈሯ ላይ ምች ወጥቶባታል፤ የዳማከሴ ጭማቂ ቀብታ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«እማዬ፣ የልጅ ልጅሽን አትስሚያትም?» አለች አራሷ።

«ይሄ ሳይድንልኝ አልጠጋትም።»

«ምች እኮ ፀሐይ ነው የሚያመጣው!»

እናትየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ያ ሽሽት የአራሷን የቆየ ቂም ቀሰቀሰው።

«እኔንም እንዲሁ ነበር የምትሸሺኝ! ከንፈርሽ በቆሰለ ቁጥር፣ አቅፈሽ ሳትስሚኝ ስንት ሳምንት አለፈ! አንድ ለእናቷ ነኝ፤ ምን አድርጌሽ ነው?»

እናትየው ነጠላዋን አፏ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«እኔም ፀሐይ ነው ብዬ ነበር ታላቅ እህትሽን የሳምኳት» አለች። «ቁስሉ ተጋብቶባት፣ ስም እንኳ ሳናወጣላት ቀበርናት።»