ሰባትና ስምንት ቁጥር

ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሰውዬው መፍቻውን ከቦት ጫማው ውስጥ መዘዘ። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ባለቤት ክለቡን ጠቅልሎ በረዶ ወደማያውቅ ከተማ ሊሄድ ነበር። ማክሰኞ የሊጉ ቡድኖች ባለቤቶች ድምፅ ይሰጡበታል፤ ግን እስከ ማክሰኞ ለመጠበቅ ማን አንጀት አለው? በየረድፉ ሰው ተንበርክኮ ለማስታወሻ የየራሱን ወንበር ይነቅላል፤ ጥበቃዎቹም አይተው እንዳላዩ ሆነዋል።

ብሎኑ ዝጎ አስቸገረው። ታገለው፣ ተሳደበ፣ ጓንቱን አውልቆ ወረወረና እንደገና ታገለው። ሲፈታለት ነው ነገሩ የገባው፤ የእሱ ሰባት ቁጥር ወንበርና የአጠገቡ ሴትዮ ስምንት ቁጥር የቆሙት በአንድ የብረት እግር ላይ ነበር።

"ሰባት! ምን ሆነህ ቆምክ?" አለችው ሴትየዋ ከወንበሯ ሳትነሳ። ሃያ ሁለት ዓመት ከአንድ ቴርሞስ ጠጥተዋል፣ ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ተቃቅፈዋል፤ የሚጠራሩት ግን በወንበራቸው ቁጥር ነበር።

"ያንቺም ካልተነቀለ የኔ አይወጣም።"

"ታዲያ ንቀለዋ!" ብድግ አለችለት። "ማን ቤት ሊቀመጥ ነው?"

"እኔ ቤት፣ በረንዳ ላይ። ከድልድዩ ማዶ፣ ሦስተኛው ቤት።"

የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ። ሁለቱም ወደ ሜዳው አልዞሩም።

"እሁድ እመጣለሁ" አለች፤ አሰበችና ሳቀች። "በርህን አንኳኩቼ ግን ምን ልበል? 'ሰባት አለ?' ልበል?"