አራት ጊዜ ቃል የተገባለት ድልድይ

ሰውየው አራት ጊዜ ተወዳድሮ አራቴም የክልሉ ምክር ቤት ገብቷል። ለአምስተኛው ደግሞ የእጩ ምዝገባው ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የቀረው ከተማ ሄዶ በራሱ እጅ መፈረም ብቻ ነው። ግን ባለፈው ምርጫ በድንጋይ ያባረሩት የወንዝ ማዶ ሰዎች "ይምጡና እንታረቅ" ብለው ላኩበት። አምስተኛውን በእነሱም ድምፅ ሊያሸንፍ ጓጓና ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ተሻገረ።

"ድልድዩስ፣ የተከበሩ?" አለች አንዷ ገና ሳይቀመጥ።

"ዘንድሮ ያልቃል!"

"አልተጀመረም እኮ!"

ሳቁበት። እሱም ካንገት በላይ ፈገግ አለ።

"ይተዋት" አሉት የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ውባንተ፣ ጀርባውን ወንዙ ለሚወርድበት ተራራ አድርገው እያስቀመጡት። "ከመጀመሪያው ምርጫ ጀምረው ያውጉን እስቲ።"

መቼም ወሬ ይወዳል። ስንት ድምፅ እንዳገኘ፣ ማንን እንዴት እንደዘረረ አንድ በአንድ ተረከላቸው። ሲያበቃ ያጨበጭባሉ፤ ሊነሳ ሲል ሌላ ጥያቄ ያመጣሉ። ተራራው ላይ ዶፉን የሚያወርደውን ዝናብ ከእሱ በቀር ሁሉም ያየዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ "በሉ፣ ሄጄ ልፈርም" ብሎ ብድግ ሲል፣ ወንዙ ዛፍ ነቅሎ እያንከባለለ ይወርዳል።

"አሁን በምን ልሻገር?!" ብሎ ጮኸ።

አያ ውባንተ በከዘራቸው ወደ ደፍራሹ ውሃ ጠቆሙት።

"በድልድዩ ነዋ፣ የተከበሩ።"