ዐሥራ አራት ቁጥር

ሳልቩ በሲድኒ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከማልታ የመጡት አባቱ ያቀኑትን ማሳ አልሸጥም ብሎ የቀረ የመጨረሻው ገበሬ ነበር። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሸጠው ሄደዋል፤ የእሱ አበባ ጎመን በአዳዲስ ቤቶች ተከቧል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሲኮተኩት፣ ጉርሚት የሚባል ዕቃ አድራሽ ጥቅል ታቅፎ በጎመኑ መሀል መጣ።

«አባባ፣ ዐሥራ አራት ቁጥር የትኛው ነው?»

«ጎመን ላይ ቁጥር አልለጥፍም» አለ ሳልቩ እየሳቀ። «ካርታህ አብዷል።»

«የቆምንበት ቦታ ነው የሚለው። ቆይ፣ ለጥቅሉ ባለቤት ልደውልላት።» ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

«አየሁህ» አለች አንዲት ሴት። «እዚያው አስቀምጥልኝ፣ እጄ ሊጥ ነክቷል።»

«እህቴ፣ እዚህ ቤት የለም እኮ። ጎመን ነው ያለው።»

«ፊቴ ቆመህ ትቀልዳለህ? ይልቅ ያንን መኮትኮቻ የያዘ ሽማግሌ ይዘኸው ውጣልኝ። በየቀኑ እየመጣ ሳሎኔን ጭቃ አደረገው፤ ልጆቼም ፈሩ።»

ጉርሚት ጥቅሉን ጥሎ፣ ስልኩን እንደያዘ ወደ መኪናው ሮጠ። ሳልቩም ተከተለው። ጥቂት መስመሮች እንደተሻገረ ግን ግንባሩ ከአንዳች ነገር ጋር ተጋጨ። ከፊቱ ጎመኑ፣ ከጎመኑ ወዲያ ደግሞ እየራቀ የሚሄደው መኪና በግልጽ ይታየዋል። እጁን ሲዘረጋ መዳፉ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ አረፈ። ግድግዳውን እየዳበሰ ዞረ። አራቱንም ማዕዘኖች ነካ፤ በር አላገኘም።

ከኋላው ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰማ።

«ልጆች፣ ወደ እኔ ኑ። ዛሬስ አልወጣም ብሏል።»