ሻሽ የሚወልቅበት ጠዋት

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ቦሎቄው በአበባው ደረቀ። ወደ እህል ማበጠሪያው ቤት ተሰልፎ ይገባ የነበረው የጭነት መኪና አንድ አንድ እያለ መጣ፤ በኋላ እሱም ጠፋ። መጀመሪያ ተሸካሚዎቹ ተሰናበቱ፣ ቀጥሎ የማታ ለቃሚዎቹ። የቧንቧው ውሃ ሲቋረጥ በሰፈሩ ፀጉር ቤት ወንበሮች ላይም አቧራ ተቀመጠ።

ከዚያ አዲስ አለቃ መጣ። ለቃሚዎቹ አቧራውን ሽሽት አፋቸውንና ራሳቸውን በሻሽ ጠቅልለው ስለሚውሉ ማን ማን እንደሆነች አያውቅም፤ ለማወቅም አልደከመም። ሰኞ ጠዋት ስም እየጠራ ሻሽ ሊያስወልቅ ነው ተባለ። የሸበተች ከሥራ ትሄዳለች። ያን ቀን የቀረችም ትሄዳለች።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ታላቂቱ እህት በታናሿ ፀጉር ቤት፣ በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የሥራ ጋውኗን ለብሳለች። ሁለት ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል፤ ከጆሮዋ ጀርባ ቆዳዋ ውሃ ቋጥሯል። ሌሊቱን ጤና ጣቢያ ነበሩ። መርፌ ወግተው፣ አቧራ አጠገብ እንዳትደርስ፣ ትንፋሽ ካጠራት ግን እንድትመለስ አስጠንቅቀው ሰደዷት። ፀጉሯ እንደ ቁራ ክንፍ ጠቁሯል።

«ነጋ?» አለች።

«እየነጋ ነው።»

«ጫማዬን አቀብይኝ።»

«የት ልትሄጂ?»

«እጄ አላበጠም። ቦሎቄ የሚለቀመው በእጅ ነው።»

«በዓይን ነው እንጂ፣ እታለም።»

የጎረቤቱ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ በር ላይ ዱካውን አስጠግቶ ተቀምጧል። «እኔን ብታማክሩኝ ምን ነበር?» አለ። «ቀለም ለጫማ ነው። ጫማ አያሳክከውም። አሁን እዩት እስቲ፣ ከላይ ኮረዳ፣ ከታች የቦካ ሊጥ።»

ታላቂቱ ልትስቅ ከንፈሯን ከፈተች፤ አመማትና ተወችው።

ታናሽቱ ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ጨምቃ ዓይኗ ላይ አደረገችላት። ለማንም ደንበኛ ሳትፈትን ቀብታ አታውቅም። ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀለም ትለቀልቅና «ሂጂ፣ ካላሳከከሽ ከነገ ወዲያ ተመለሺ» ትላለች፤ የሚቆጣ ይቆጣ። ቅዳሜ ለእህቷ ይህን ስትል ግን ሳቀችባት። «የሂና ቅጠል ነው እያልሽ አይደል የምትቀቢው? ፍየል ስትበላው የምትውለው ነገር እኔን ምን ያደርገኛል?» ሰኞ ደግሞ አይጠብቅም። ታናሽቱም ቀባቻት።

ቅጠሉ ብቻውን ፀጉር እንደሚያቀላ ታውቃለች። ከገበያ የመጣው አዲሱ ዱቄት ግን፣ ምን እንደተቀላቀለበት እንጃ፣ ገና ከመነካቱ አጠቆረ። አይታ ነበር። አይታም ደስ አላት።

«ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም» አለች ታላቂቱ። «ልጆቹን ምን ላበላቸው ነው?»

ታናሽቱ ጨርቁን ደግማ ነከረች። እጇ ውሃው ውስጥ ነበር። እጇን ውሃ ውስጥ ስታስገባ ሁልጊዜ የምታስበው አንድ ነገር ነው። ልጅ ሳለች ሰው ቤት ልብስ አጣቢ ተቀጥራ፣ ሳሙናው እጇን ልጦ ሥጋዋ ታየ። ለእናታቸው ገንዘብ የምታስገባው እሷ ብቻ ነበረች። ታላቂቱ የታናሿን ቀሚስ ለበሰች፣ ተከናነበች፣ ሄደች። ክረምቱን ሙሉ እመቤቲቱ የታናሽቱን ስም ስትጠራ፣ ታላቂቱ «አቤት» እያለች አጠበች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በሁለቱ መካከል አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም።

ታናሽቱ እጇን አደራረቀች።

«ጋውንሽን አውልቂ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«አውልቂ አልኩሽ።»

ታላቂቱ ጋውኗን ጨብጣ ያዘች። ገብቷታል። «እብድ!» አለች። «ቢያውቅብሽስ?»

«ምንሽን ያውቃል? ፊትሽን አይቶት አያውቅም። የፈለገው ጥቁር ፀጉር ነው፤ ይኸው የኔ ጥቁር ፀጉር።»

«ሥራ ቦታ አጠገቤ የምትቀመጠው ወሬኛ ናት። አፏ አያርፍም።»

«የሷን ሽበት ማን የደበቀላት መሰለሽ? ምላሷን ትሰበስባለች።»

«ፀጉር ቤትሽስ?»

«ማን ይመጣልና?» አለች ታናሽቱ። ወደ በሩ ዞረች። «ጋሼ፣ አደራ። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩላት። ትንፋሿ ጠበብ ካለ እኔን አይጠብቁ፣ ወዲያው ይውሰዷት።»

«ሂጂ» አለ ሽማግሌው። አሁን አልቀለደም። ዱካውን አንስቶ ወደ ውስጥ ገባ። «ትንፋሿን እየሰማሁ እሰፋለሁ።»

ጋውኑ ትከሻዋ ላይ ልክ ሆነ። አፏንና ራሷን በእህቷ ሻሽ ጠቀለለች። መስተዋቱን ቀና ብላ ብታይ የድሮዋ እህቷ ቆማለች፤ ዓይኗ ብቻ ይታያል፣ እሱም ቀልቷል።

ታላቂቱ ማየት አልቻለችም። እጇን ዘርግታ ዳበሰቻት፤ አንገትጌውን አገኘች፣ የተጣጠፈውን አቃናች።

«ሲጠራ ቀና ብሎ አያይም» አለች። «ጮክ ብለሽ፣ ቶሎ ነው። ከዘገየሽ ያልፍሻል።»

«እሺ።»

«እንዳትርበተበቺ።»

«እሺ አልኩ።»

ታላቂቱ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዓይኗ ላይ ያለውን ጨርቅ በአንድ እጇ ይዛ፣ እንደ አለቃው ድምጿን አወፍራ፣ የራሷን ስም ጠራች።

«አቤት» አለች ታናሽቱ።